ያልገባው ታኮ

ሔራን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታቸው የካ ነው፤ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ሚኒባስ ከሚያወርዳቸው ቦታ እስከ ቤታቸው በር ድረስ ሁለት መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው። ማን ቆጠረው ካላችሁኝ ራሷ ሔራን ናት። ሔራን መቁጠር ትወዳለች። ማሸነፍን ደግሞ ከመቁጠርም አብልጣ ትወዳለች። ማሸነፍን መውደድ ኃጢአት አይደለም፣ ልጆች። ቆዩ ግን፤ ታሪኩ ገና መጀመሩ ነው።

ከእነሔራን ቤት ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ አባባ ሣህሌ ይኖራሉ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሥራቸው ፉርጎ ማቀያየር ነበር። ፉርጎ ማለት ባቡር የሚጎትተው የዕቃ መጫኛ ነው። የጨው ፉርጎ ወደዚህ፣ የቡና ፉርጎ ወደዚያ እያሉ ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው ያዛውሩና ባቡሩን በተራ ያሰልፉ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ እጃቸው ሥራ መፍታት አልቻለም። ግቢያቸው ውስጥ፣ በጎመኑና በጥብስ ቅጠሉ መካከል፣ ትንሽ የባቡር መንገድ ሠሩ። ሀዲዱን ከላሜራ ቆረጡት። ፉርጎዎቹን ከዘይት ቆርቆሮ ሠሯቸው። አራት ናቸው፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ቢጫ። ቀዩ ጠጠር ስለተሞላ በጣም ከባድ ነው፤ ትልቅ ሰው እንኳ በሁለት እጁ ነው የሚያነሳው። ፉርጎዎቹን የሚጎትተው በሞተር ሳይክል ባትሪ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ነው። አባባ ሣህሌ «በሬው» ይሉታል። ባለቤታቸው እማማ በለጡ ለልጆቹ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፦ «ጎመኔን የረገጠ ወዮለት!»

ሰንበት ከቅዳሴና ከትምህርት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ወደዚህ ግቢ ይሮጣሉ። ጨዋታው እንዲህ ነው። ሀዲዱ ከታች ከድንጋይ ካቡ አጠገብ ይነሳና ዳገቱን ይወጣል። ላይ ሲደርስ መስመር ማቀያየሪያው ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የላይኛው መስመር፣ ሌላው የታችኛው መስመር ይባላል። አባባ ሣህሌ በወረቀት ላይ ትእዛዝ ይጽፋሉ። «ቀዩ ላይኛው መስመር ጫፍ ላይ፣ ሰማያዊውና ነጩ ከፊቱ፣ ቢጫው ታችኛው መስመር ላይ» ይላል ለምሳሌ። ልጁ በሬውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነዳ ፉርጎዎቹን እንደ ትእዛዙ ያሰልፋል። በሬው ተነሥቶ እስኪቆም ድረስ አንድ ጉዞ ይባላል። ጉዞ ያሳነሰ ያሸንፋል። ጉዞ እኩል ከሆነ ሰዓት ይወስናል። ፉርጎን በእጅ ማንሳት ክልክል ነው።

አንድ ሌላ ደንብ አለ፤ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ግቢው ዳገት ነው። ስለዚህ ፉርጎ በቆመ ቁጥር ጎማው ሥር የእንጨት ታኮ ይደረጋል፤ እንዳይንሸራተት። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ታኮ አለው። ታኮውን ያስገባው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ታኮ ገብቷል!» ይላል። ይህ ሳይባል ፉርጎውን ከሌላው ጋር የሚያያይዘው መንጠቆ አይፈታም።

«ለምን እንጮሃለን አባባ? አጠገባችን አይደል እንዴ?» ብላ ሔራን አንድ ቀን ጠይቃቸው ነበር።

«ባቡር ረጅም ነው፣ ልጄ» አሏት። «እኔ በዚህ ጫፍ ሆኜ የዚያኛውን ጫፍ አላየውም። ጓደኛዬ ‹ገብቷል› ካለኝ በቃ ገብቷል ነው። እግሬን ሀዲድ ውስጥ የማስገባው በእሱ ቃል ነው። አንድ ጓደኛዬ እግሩን ያጣው ‹ገብቷል› ያለው ሰው ሳያስገባ ስለቀረ ነው።» ይህን ብለው አንድ ታኮ አንስተው በእጇ አስያዟት።

ከልጆቹ ሁሉ የሚያሸንፈው ፍሮምሳ ነበር። ፍሮምሳ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ። አባቱ አቶ ገላና እንጦጦ ላይ በችግኝ ጣቢያ ይሠራሉ። ሀዊ የምትባል አምስት ዓመት የሆናት እህት አለችው። ሀዊ ወንድሟ ከሄደበት አትቀርም፤ ካቡ ሥር ትቀመጥና በቆርኪ ትጫወታለች።

አንድ ሰንበት አባባ ሣህሌ ልጆቹን ሰብስበው፣ «የሚቀጥለው ሳምንት የሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ልጆች ከነወላጆቻቸው ሊጎበኙን ይመጣሉ» አሉ። «በሬውን የሚነዳላቸው ዛሬ ያሸነፈ ነው።»

ሔራን ይህን ከሳምንት በፊት ሰምታ ነበር፤ የውድድሩን ትእዛዝም ሁሉም ልጆች ያውቁታል። መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩት የአክስቷ ልጆችም ስልክ ደውላ ነበር። ምን ብላ መሰላችሁ? «ኑ፤ የምነዳው እኔ ነኝ!» ብላ። ገና ሳታሸንፍ! ከዚያ ወዲህ ማሸነፍ ግዴታ ሆነባት። ሳምንቱን ሙሉ ደብተሯ ላይ ሀዲድ እየሳለች፣ ቆርኪዎችን እንደ ፉርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፋ ሰነበተች። መጀመሪያ በአሥራ አንድ ጉዞ ጨረሰች። ቀጥሎ በዘጠኝ። ዐርብ ዕለት በሰባት ጉዞ መጨረስ እንደሚቻል አገኘች። ይህ የድካሟ ፍሬ ነው፤ ልናመሰግናት ይገባል።

በዚያ ሰንበት ውድድሩ ሲጀመር ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ተሸነፉና ሔራንና ፍሮምሳ ቀሩ። አባባ ሣህሌ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ያዙ። «ሔራን ታሰልፋለች» አሉ። «ፍሮምሳ ደግሞ እሷ ያሰለፈችውን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ሥራው እኩል ነው። ጀምሪ!»

ሔራን ጀመረች። በሬው ግር ግር እያለ ወጣ። አንድ ጉዞ። መስመር ቀየረች። ሁለት ጉዞ። በአምስተኛው ጉዞ ነጩን፣ ሰማያዊውንና ቀዩን ተያይዘው እንዳሉ ወደ ላይኛው መስመር ገፋቻቸው። ቀዩ ከፊት ሆኖ ጫፉ ድረስ ገባ፤ ግማሹ በጥብስ ቅጠሉ ቁጥቋጦ ተሸፈነ። አሁን ሦስት ታኮ ማስገባት አለባት።

የነጩን አስገባች። «ታኮ ገብቷል!» የሰማያዊውንም አስገባች። «ታኮ ገብቷል!» ቀዩ ቀረ። ወደ ቀዩ ለመድረስ ቁጥቋጦውን መዞር፣ ድንጋዩ ላይ መውጣት፣ መንበርከክም ያስፈልጋል። ሃያ ሰከንድ ይበላል፤ ቆጥራዋለች።

«አራት ደቂቃ ከሃምሳ!» አሉ አባባ ሣህሌ ከታች።

ፍሮምሳ ፈጣን ነው። ሃያ ሰከንድ ብዙ ነው። «ሦስቱ ተያይዘዋል» አለች በልቧ። «የነጩ ታኮ ሁሉንም ይይዛቸዋል። ቀዩ የትም አይሄድም። ማንም አያይም።» የቀዩን ታኮ ሹራብ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያም እንደ ሌሎቹ ጊዜያት ድምፏን ከፍ አድርጋ፣ «ታኮ ገብቷል!» ብላ ጮኸች።

አያችሁ፣ ልጆች? አንዲት ቃል ናት። ሃያ ሰከንድ የምታድን አንዲት ቃል።

ሔራን በሰባት ጉዞ፣ በአምስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ጨረሰች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሔራን ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ጥብስ ቅጠሉ ላይ ነበር።

ተራው የፍሮምሳ ሆነ። በሬውን አምጥቶ ከነጩ ጋር አያያዘው። የነጩንና የሰማያዊውን ታኮ አነሳ። ቀዩን ለሌላ ጉዞ እዚያው ሊተወው ነው። የቀዩን መንጠቆ ከመፍታቱ በፊት ወደ ቁጥቋጦው ቀና ብሎ ተመለከተ። የቀዩ ጎማ ከቅጠሉ ሥር ስለሆነ አይታይም። ሔራን ግን «ገብቷል» ብላለች። ፍሮምሳ መንጠቆውን ፈታ።

ቀዩ ፉርጎ አልተነቃነቀም። አንዲት የጥብስ ቅጠል ሥር ጎማውን ይዛዋለች። ፍሮምሳ ነጩንና ሰማያዊውን ይዞ ወረደ፣ መስመር ቀየረ፣ ወደ ታችኛው መስመር አስገባቸው። «እሰይ፣ ተርፌያለሁ» አለች ሔራን በልቧ።

ወዲያው ቀዩ ፉርጎ ተነቃነቀ። አንድ ጣት ያህል ነው። ከእሷ በቀር ያየ ሰው አልነበረም።

መጮህ ትችል ነበር። አፏን ከፈተች። ከጮኸች ግን ታኮው እንዳልገባ እንዴት አወቅሽ ይሏታል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሔራን መቁጠር ትወዳለች ብያችሁ የለ? ያን ቀን ሦስት እስክትቆጥር ዝም አለች። እኔ ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ናቸው።

ቀዩ ፉርጎ ተንደረደረ። ማቀያየሪያውን አንኳኩቶ አለፈና ዋናው ሀዲድ ላይ ወጣ። ቁልቁለቱን ሲያገኝ ባሰበት። ፍሮምሳ ዞር ሲል አየው።

«ሀዊ! ሀዊ ኮ!» አለ፤ በኦሮምኛ የኔ ሀዊ ማለቱ ነው። «ተነሺ! ከዚያ ተነሺ!»

ሀዊ ከካቡ ሥር ቀና አለች። ፉርጎው መታጠፊያው ላይ ከሀዲዱ ዘለለና ካቡን አልፎ ወደቀ። ጠጠሩ ሲበተን ተሰማ። ከዚያ የሀዊ ጩኸት መጣ።

እማማ በለጡ የገዛ ጎመናቸውን እየረገጡ ሮጡ። ፉርጎው የሀዊ እግር ላይ ነበር። ፉርጎውን አንስተው ሀዊን ታቀፏት። ቁርጭምጭሚቷ ወዲያው አበጠ። «በሉ ታክሲ ጥሩ! አባቷን ጥሩልኝ!» እያሉ ወደ በሩ ሮጡ። ፍሮምሳም ተከትሏቸው ሊሄድ ሲል አባባ ሣህሌ ትከሻውን ያዙት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የቀዩ ታኮ የታለ?»

ፍሮምሳ እጁን ዘረጋ። ሁለት ታኮ ነበር የያዘው። «ሁለት ብቻ ነው ያነሳሁት አባባ። የነጩንና የሰማያዊውን።»

«ታዲያ የቀዩ ታኮ በክንፉ በረረ? ሔራን ገብቷል ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ወደ ሔራን ዞሩ። «ሔራን፣ የቀዩ ታኮ ገብቶ ነበር?»

ልጆቹ ሁሉ አዩዋት። ታኮው በሹራቧ ኪስ ውስጥ ነው። በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«አዎ አባባ። ገብቶ ነበር።»

አባባ ሣህሌ በረጅሙ ተነፈሱ። «ፍሮምሳ፣ ታኮውን ሳታስበው አንስተህ አንዱ ጋ ጥለኸዋል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሀዲዴን እንዳትነካ። ሂድ፤ ወደ እህትህ ሂድ።»

ፍሮምሳ ሁለቱን ታኮዎች መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ።

የሀዊ አጥንት ተሰንጥቋል ተባለ። ራጅ ተነሳች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ተጠቀለለ። ጉብኝቱ አልተሰረዘም። ሔራንም አሸናፊ ናት ተባለ። መሪ ያሉት የአክስቷ ልጆች በስልክ እልል አሉላት። ምሳ ቀረበላት፤ አልበላችም። እናቷ ወይዘሮ አስረሳሽ ግንባሯን ነክተው፣ «ትኩሳት የለሽም፤ ምን ሆነሻል?» አሏት። «ምንም» አለች። ውሸት አንዴ ከጀመረ ብቻውን መሄድ አይወድም፣ ልጆች።

ረቡዕ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፍሮምሳ መንገድ ላይ ጠበቃት። ሔራን ሊጣላት መስሏት ደንግጣ ቆመች። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ሔራን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የቀዩን ታኮ ስታስገቢው ጎማው ሥር በደንብ ገብቶ ነበር?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ አልኩህ እኮ!»

ፍሮምሳ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እኔ ነኝ ያነሳሁት። ምንም አላስታውስም። ግን እኔ መሆን አለብኝ።» ዓይኑ ውኃ ሞላ። «አባቴ ጠዋት ጠዋት ሀዊን አዝሎ ነው መዋዕለ ሕፃናት የሚያደርሳት። አይቆጣኝም። ዝም ነው የሚለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።»

ይህን ብሎ ሄደ። ሔራን እዚያው ቆማ ቀረች። ልትጠራው ፈለገች። ግን አልጠራችውም። ያን ቀን ዳገቱን ስትወጣ እርምጃዋን አልቆጠረችም።

ቅዳሜ ወር የገባበት ቀን፣ የራጉኤል ዕለት ነበር። ወይዘሮ አስረሳሽ ሔራንን ይዘው ወደ እንጦጦ ራጉኤል ወጡ። ሔራን የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ» አለች፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ለሌላ ሰው እንዳትነግርብኝ። ይቅር በለኝና በዚሁ ይለቅ።»

አትሳቁባት። ብዙዎቻችን እንዲህ ጸልየን እናውቃለን። ለእግዚአብሔር መናገሯ መልካም ነው። ነገር ግን የተበደለው ፍሮምሳ ቤቱ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ እሱስ? ሔራንም ጸሎቷን ስትጨርስ ልቧ እንደ ከበደ ነበር።

ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ብሎኬት የጫነ አንድ አይሱዙ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አገኙ። ተበላሽቷል። ሾፌሩ ሽበት ያለባቸው ሰው ናቸው፤ መፍቻ ይዘው አስፋልቱ ላይ ካርቶን አነጠፉ። ረዳቱ ወጣት ልጅ ነው። ትልቅ ድንጋይ አንስቶ በመኪናው ማዶ ወደ ኋላ ጎማ ሄደ፤ ከዚህ በኩል አይታይም። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ መጣ።

«ታኮ ገብቷል!»

ሾፌሩ ዞረው አላዩም። በጀርባቸው ተኝተው ወደ መኪናው ሥር መግባት ጀመሩ። ትከሻቸው ገባ። ሆዳቸው ገባ። ከላያቸው ያ ሁሉ ብሎኬት አለ።

«አይግቡ!» ብላ ሔራን ጮኸች። «አይግቡ! መጀመሪያ ይዩት!»

ሾፌሩ ደንግጠው ወጡ። «ምነው ልጄ? ምን አየሽ?»

«ታኮውን አላዩትም እኮ!»

ሾፌሩ ግራ ገባቸው። «ምኑን ነው የማየው? ልጁ ገብቷል አለኝ እኮ።»

ሔራን መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ እንባዋን ለቀቀችው። ረዳቱ ሮጦ መጣ። «ኧረ ገብቷል! ነይ፣ ነይና እይው!» አላት። እውነቱን ነበር፤ ድንጋዩ ጎማው ሥር ተቀርቅሯል። ሔራን ግን ይበልጥ አለቀሰች። ከዚያ እያለቀሰች ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻቸው። ሃያ ሰከንዱን፣ ኪሷን፣ እነዚያን ሦስት ቁጥሮች፣ ረቡዕ ፍሮምሳ ያላትን፣ አንድም ሳታስቀር።

ወይዘሮ አስረሳሽ ሔራንን ከመሬት አንስተው እንባዋን በነጠላቸው ጠረጉላት። «ቤት አንገባም» አሉ። «በቀጥታ እነፍሮምሳ ቤት ነው የምንሄደው። የምትናገሪው አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

የእነፍሮምሳ በር ሲንኳኳ የከፈቱት አቶ ገላና ናቸው። ከኋላቸው ሀዊ እግሯን ትራስ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፍሮምሳ አጠገቧ ነው። ሔራን መሮጥ ፈለገች። እናቷ እጇን ያዙ፤ አልጎተቱም፣ ያዙ ብቻ።

«አቶ ገላና» አለች ሔራን። «ታኮውን ያነሳው ፍሮምሳ አይደለም። እኔ ሳላስገባ ነው ገብቷል ያልኩት። ፉርጎው ሲነቃነቅም አይቼ ዝም አልኩ። ሀዊን የጎዳኋት እኔ ነኝ።»

ሔራን ቁጣ ጠበቀች። ቀድሞ የተናገረው ፍሮምሳ ነው። ብድግ ብሎ ቆመ።

«ጠይቄሽ ነበር» አለ። «እርግጠኛ ነሽ ስልሽ አዎ አልሽኝ። እኔ እኮ ራሴን ማመን ትቼ ነበር፣ ሔራን! በየቀኑ እጄን እያየሁ ‹በየትኛው እጄ ነው ያነሳሁት?› እል ነበር!»

ሔራን «ይቅር በለኝ» ብቻ አለች። ፍሮምሳ ፊቱን አዞረ።

አቶ ገላና ወደ ልጃቸው ሄዱ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ግን ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙት። «እኔም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልኩህ። ሁለት ታኮ ብቻ ነው ያነሳሁት ብለኸኝ ነበር፤ አላመንኩህም።» ፍሮምሳ ያን ጊዜ አባቱ ደረት ላይ ተለጥፎ አለቀሰ። ሔራን ይህን ስታይ የበደሏ ስፋት ገባት። የሰበረችው የሀዊን እግር ብቻ አልነበረም።

አባባ ሣህሌም ሰሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸው እነፍሮምሳ ቤት ሄዱና ልጁን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ሔራንን አስጠሯት።

«ነገ ለሚመጡት እንግዶች ፍሮምሳ ይነዳላቸዋል» አሏት።

«እሺ አባባ።»

«አንቺ በሬውን አትነጂም። እኔ እስከምልሽ ድረስ ሥራሽ ታኮ ማስገባት ነው፤ ለሌሎቹ ልጆች። ‹ገብቷል› ስትዪ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሄዶ ያያል። አዝናለሁ፣ ልጄ። ይቅር ብዬሻለሁ። እምነት ግን በአንድ ቀን አይመለስልኝም።»

በማግስቱ ግቢው በሰው ተሞላ። ፍሮምሳ ነዳ። ሔራን ሁሉም ሰው በተሰበሰበበት፣ የአክስቷ ልጆች እያዩ፣ ያደረገችውን ተናገረች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ ጥብስ ቅጠሉ ጋ ሄዳ ታኮዎቿን ይዛ ተንበረከከች።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ሰንበቶች ቀላል አልነበሩም። ሔራን ታኮ ታስገባለች። «ታኮ ገብቷል!» ትላለች። ጨዋታው ይቆማል። አንድ ልጅ ዳገቱን ወጥቶ፣ ቁጥቋጦውን ገልጦ ያያል። «እውነቷን ነው!» ብሎ ይመለሳል። በየጊዜው፣ በየፉርጎው እንዲህ ነው። አንዳንዱ ልጅ ይስቅባታል። የሀዊ ጀሶ ተፈታ፤ መራመድ ጀመረች፤ ከዚያ መሮጥ ጀመረች። የሔራንን ታኮ ግን አሁንም ሰው ሄዶ ያየዋል። ብዙ ጊዜ ማልቀስ አማራት። አንድም ቀን ግን አልቀረችም፤ አንድም ታኮ ሳታስገባ አላለፈችም።

በዘጠነኛው ሰንበት ካፊያ ይጥል ነበር። የሚነዳው ፍሮምሳ ነው። አባባ ሣህሌ ሰዓት ይዘውበታል፤ ሀዲዱ አንሸራታች ሆኗል። ሔራን ጭቃው ላይ ተንበርክካ የቀዩን ታኮ በሁለት እጇ ገፋችው።

«ታኮ ገብቷል!»

ፍሮምሳ እንደ ደንቡ ሊያይ ዳገቱን ጀመረ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆመ። ሔራን ከቅጠሉ ጀርባ አየችው። ፍሮምሳ ወደ ቁጥቋጦው ተመለከተ። ከቁጥቋጦው ሥር ምንም አይታይም። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ጎንበስ አለ፣ መንጠቆውን ፈታ።

ቀዩ ፉርጎ አልተነቃነቀም። ሔራን ጭቃ በነካው እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ ይህ ግን የደስታ ለቅሶ ነበር።

ልጆች፣ ሰዎች ሳያዩ የሚተማመኑት በቃላችን ነውና፣ ያላደረግነውን አድርገናል አንበል፤ ብለን ከተገኘን ደግሞ ፈጥነን ለእግዚአብሔርም ለበደልነውም ሰው እንናዘዝ።